ጨዋው ታይፎይድ

ሰኞ ጠዋት ከበሩ ጎን የተተከለችው፣ የቤቱን ፍሳሽ እየመረመረች ቀለም የምትቀይረው የፍሳሽ መብራት ወርቃማ ሆና በራች። የሰፈሩ ሰው የሚያውቃቸው ቀለማት ሦስት ናቸው፤ አረንጓዴ ከሆነ ቤቱ ጤነኛ ነው፣ ቢጫ ከሆነ እንግዳ አይገባም፣ ቀይ ከሆነ ማንም አይወጣም። ወርቃማ ስትበራ አይቶ የሚያውቅ ግን በሰፈሩ አልነበረም።

አመለወርቅ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል አየቻትና የተበላሸች መሰላት። አመለወርቅ የሚዛን መርማሪ ናት። በደሴ ገበያዎች እየዞረች የነጋዴውን ሚዛን በመንግሥት መመዘኛ ታመሳክራለች፤ ስለዚህ አንድ ነገር ግር ሲላት መጀመሪያ የምትጠረጥረው መሣሪያውን ነው። መብራቷን አጠፋች፣ አበራች፣ በጨርቅ ወለወለች። ያው ወርቃማ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ!» ይላል መልእክቱ። «በቤታችሁ የዘር ሐረጉ እስከ ሰባት ቤት የተቆጠረ ጨዋ ታይፎይድ ተገኝቷል። ተህዋሲው እንዳይበላሽ ማናቸውንም መድኃኒት ከመጠቀም እንድትቆጠቡ በአክብሮት እናሳስባለን። የመጨረሻ መድኃኒቶች ጠባቂ ባለሥልጣን።»

መልእክቱ ስለ ይመር አንድም ቃል አላነሣም። ይመር ባሏ ነው። ታይፎይዱ ያለው እሱ ሆድ ውስጥ ነው።

ይመር ከተኛ ሁለተኛ ሳምንቱን እያገባደደ ነበር። ገጠር ለቅሶ ሄዶ፣ ጠምቶት፣ ከአንድ ምንጭ ጠጥቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ትኩሳቱ እንደ ደረጃ ነው፤ በየቀኑ አንድ እርከን ይወጣል እንጂ አይወርድም። ምላሱ ነጭ ሆኗል፤ ሆዱን ሲነኩት ይጮኻል።

«መብራቷ ምን አለች?» አላት ከተኛበት።

«እንኳን ደስ ያላችሁ አለች።»

«ማንን?»

«ታይፎይዱን መሰለኝ።»

ይመር ሳቀ፤ ሳቁ ሆዱን ወጋውና አቋረጠው።

በ2071 ዓ.ም. የሚኖር ሰው ጨዋ ተህዋሲ ማለት ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የድሮዎቹ መድኃኒቶች አለቁ የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። መድኃኒቶቹ አላለቁም፤ ተህዋሲያኑ ለመዷቸው እንጂ። አያቶቻችን ጉሮሯቸው በከረከራቸው ቁጥር ዋጡ፤ ሻል ሲላቸው አቋረጡ፤ የተረፈውን ለጎረቤት ሰጡ። ሰው ያልዋጠውን ዶሮ በውሃ ጠጣው። ዶሮዎቹ ጤነኛ ሆነው ታረዱ፤ ተህዋሲያኑም ጤነኛ ሆነው ቀሩ። ከመድኃኒት ጋር ተዋውቆ የማያውቅ ተህዋሲ አሁን የሚገኘው ይመር እንደጠጣበት ባለ፣ ሰው በረሳው ምንጭ ውስጥ ነው። ባለሥልጣኑም እንዲህ ያለውን «ጨዋ» ሲል፣ ሌላውን ሁሉ «ባለጌ» ብሎ መዝግቦታል። አዳዲስ መድኃኒት የሚሞከረው በጨዋው ላይ ስለሆነ፣ ጨዋ ተህዋሲ በሕግ ብሔራዊ ሀብት ነው። ተሸካሚው በሕግ ምን እንደሆነ አልተጻፈም።

አመለወርቅ ወደ ሥራ መሄዷን ትታ የጤና ጣቢያውን ሐኪም ጠራችው። ወጣት ነው፤ ስለደከመው ይሁን ስለለመደው፣ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው።

«ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንጀት ይሳሳል» አላት። «ከሳሳ ይበሳል። ከተበሳ በኋላ የምናደርገው የለም።»

«አሁንስ ምን ይደረግ?»

«ውሃ፣ ስኳርና ጨው።» ትንሽ አሰበ። «እና ሽማግሌ።»

ሐኪሙ ሲቀልድ አይደለም። አንዲት የቀረች መድኃኒት አለች። መዝገብ ላይ ያላት ስም ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም ስም ነው፤ ሕዝቡ ግን ሙሽሪት ይላታል፤ ሽማግሌ ሳይላክ አትገኝምና። ባለሥልጣኑ ሲቋቋም «ይህ ሕዝብ ከደንብ ይልቅ ለባህል ይታዘዛል» የሚል ጥናት ተጠንቶ ነበር። ያጠኑት ሰዎች የሌላ አገር ባህል ለማጥናት ሄዱ፤ ደንቡ ግን እዚህ ቀረ። በደንቡ መሠረት የታማሚው ወገን ሦስት ሽማግሌ ይልካል። የባለሥልጣኑ ቦርድ የልጅቱ ቤተሰብ ሆኖ ይቀበላል። ዘር ይጠየቃል፤ የታማሚው ሳይሆን የተህዋሲው። ባለጌ ከሆነ ሙሽሪት አትሰጥም፤ አትሠራምና። ጨዋ ከሆነ ደግሞ፣ ወግ ያለው ቤተሰብ ልጁን በመጀመሪያው ቀን አይሰጥምና፣ «እንመካከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል።

በዚህ አሠራር ሙሽሪት እስካሁን ክብሯን ጠብቃ ኖራለች። በባለሥልጣኑ በር ላይ «አንድም ተህዋሲ ያልለመዳት!» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል። እውነት ነው። አግኝቷት የሚያውቅ ተህዋሲ የለም።

አመለወርቅ ወደ ጎረቤቷ ወደ ጋሽ ሮቤል ሄደች። ሮቤል፣ ናትናኤል፣ ሶልያና የሚሉት ስሞች የሽማግሌ ስም ከሆኑ ቆይተዋል፤ እንደ ይመርና አመለወርቅ ያለው ነው የወጣት ስም። ጋሽ ሮቤል በሰፈሩ በሽምግልና የሚበልጣቸው የለም። ሙሽራ ያስታረቁ፣ ድንበር ያካለሉ፣ አንዴም ሁለት የተኳረፉ የሕዋስ ተመራማሪዎችን ያነጋገሩ ሰው ናቸው። በቀኝ አንገታቸው ሥር፣ ከአንገት ልብሳቸው በታች፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ያንጠለጥላሉ። ምን እንዳለበት የጠየቃቸው የለም፤ ክታብ አይጠየቅም።

«ወርቅ በራላችሁ አሉ!» ብለው ተቀበሏት። «እንዲህ ያለ ዘር በሰፈራችን! እኔ ሁሌም ይመር ዕድለኛ ነው እላለሁ።»

«ጋሼ፣ ይመር ሊሞትብኝ ነው።»

«እሱንም ሰምቻለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሼህ ሙባረክን አነጋግራለሁ። መሪጌታ ናትናኤልንም። ነገ እንሄዳለን።»

«በመጀመሪያው ቀን ነው የምፈልጋት። ሁለተኛ ቀጠሮ ብንይዝ የምንቆምለት ሰው አይኖርም።»

ጋሽ ሮቤል አዘኑላት፤ አዘኔታቸው ግን ወግ ለማያውቅ ልጅ የሚታዘነው ዓይነት ነበር። «ልጄ፣ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጥ ቤተሰብ ምን ይባላል? ልጅቱ አንድ ነገር አለባት ይባላል።»

«መድኃኒት ናት'ኮ ጋሼ።»

«መድኃኒትም ስም አላት። ግድ የለሽም፣ ለእኔ ተይው። ሙሽራውን አሞግሼ አሞግሼ፣ እምቢ ማለት አፍረው ይሰጡናል።»

በማግሥቱ ጠዋት አራቱ በባለሥልጣኑ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጠው ነበር፤ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አመለወርቅ በሥራ ልብሷ። ግድግዳው ላይ አንድ ፊልም ያለማቋረጥ ይዞራል። የተህዋሲው የዘር ክር ከገላው በሺህ እጥፍ ይረዝማል፤ ይህን ሁሉ ክር ሳይወሳሰብ ሆዱ ውስጥ የምትይዝለት አንዲት ኢንዛይም አለችው። ክሩን ትቆርጣለች፣ በተቆረጠው መካከል ሌላውን ታሳልፋለች፣ መልሳ ትቀጥላለች፤ እንዲህ እያደረገች በእንዝርት እንደሚፈተል ጥጥ ታከርረዋለች። የከረረ ክር ቦታ አይፈጅም። በሙያው ጋይሬዝ ትባላለች። አንድ ሰሞን «አክራሪዋ» የሚል የአማርኛ ስም ወጥቶላት ነበር፤ የጸጥታ ሰዎች መጥተው አድራሻዋን ስለጠየቁ ስሙ ተሠረዘ።

የጥንቱ መድኃኒት ሲፕሮ፣ ይላል ፊልሙ፣ ክሩን እንደቆረጠች እጇን ቀጥ አድርጎ ይይዛት ነበር። መቀጠል አትችልም፤ ተህዋሲው በተበጠሰ ክሩ ይሞታል። ዘመን ሲገፋ ግን እጇን ማስለቀቅ ተማረች። ሙሽሪት የምትይዘው ክንዷን ነው፤ ክንድ ማስለቀቅ ገና አልተማረችም። ሆኖም እጇን ማስለቀቅ ለለመደች ክንዱም ብዙ አይቸግራትም፤ ለዚህ ነው ሙሽሪት ከጨዋ ዘር በቀር የማትዳረው። ፊልሙ በእልልታ ያልቅና እንደገና ይጀምራል።

«ሦስት ጊዜ አየሁት» አሉ ሼህ ሙባረክ። «ሦስቱንም ጊዜ ለኢንዛይሟ አዘንኩ። ሥራዋን ነው የምትሠራ።»

የቦርዱ አዳራሽ እንደ ሳሎን የተዘጋጀ ነው፤ ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ ግድግዳ ላይ የማንም ያልሆነ ቤተሰብ ፎቶግራፍ። ሶፋው ላይ የቦርዱ ሰብሳቢ ዶክተር ሶልያና በልጅቱ እናት ቦታ ተቀምጠዋል፤ ሽበታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ ነጠላው የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለበት። ከጎናቸው የሕግ አማካሪው በአጎት ቦታ ተቀምጧል። ለታማሚው ወገን ከዓምዱ ኋላ አንዲት ወንበር አለች፤ የመናገር መብት የላትም። አመለወርቅ እዚያ ተቀመጠች።

«ቤቶች!» አሉ ጋሽ ሮቤል ከበሩ።

«እነማን ናችሁ?» አሉ ዶክተር ሶልያና፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ስማቸውንና የጣት አሻራቸውን ተቀብለዋል።

«የእግዜር እንግዶች ነን።»

«ግቡ። ተቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሦስቱም በአንድ ላይ።

«እሺ፣ ምን እግር ጣላችሁ?»

«ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው።»

ይህ ሁሉ በደንቡ የተጻፈ ነው። የሕግ አማካሪው በየዐረፍተ ነገሩ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሰሌዳ እየነካ ምልክት ያደርጋል።

«ዘሩ ማን ይባላል?» አሉ ዶክተር ሶልያና።

መሪጌታ ናትናኤል ጉሮሯቸውን ጠርገው ከላቦራቶሪው የተሰጣቸውን ሐረግ በዜማ ማንበብ ጀመሩ። ታይፎይዱ ከማን እንደተከፈለ፣ ያም ከማን እንደተከፈለ፣ ከምንጩ እስከ ይመር አንጀት ድረስ ተናገሩ። ተህዋሲ ለሁለት እየተከፈለ ነው የሚባዛ፤ አባት የለው፣ እናት የለው።

ሼህ ሙባረክ ወደ መሪጌታ ዘንበል አሉ። «እንዲያ ከሆነ ሰባቱም ቤት እሱው ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው።»

«በሰባት ትውልድ ከራሱ በቀር ማንንም አላወቀም?»

«ማንንም።»

«አላህ ያሳያችሁ!» አሉ ሼህ ሙባረክ ወደ ቦርዱ ዞረው። «ከዚህ በላይ ጨዋ ከየት ይመጣል?»

ዶክተር ሶልያና ከከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ አሉ። አመለወርቅ ፈገግታውን አየችው፤ ትንሽ ነው፣ ግን የሚዛን ምላስ እንደምትነቃነቀው ነቅነቅ አለ። ሴትዮዋ እያመነቱ ናቸው። አሁን አንድ ሰው ዝም ቢል፣ ዝም ብቻ ቢል፣ ምናልባት ይሆናል።

ጋሽ ሮቤል ዝም ማለትን ከሽምግልና አልቆጠሩትም።

«የምትሰጡት ለሜዳ ሰው አይደለም!» አሉ ዱላቸውን ወለሉ ላይ ተክለው። «የእኛ ሰፈር ማለት፣ እመቤቴ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው እንቅልፍ የማይወስደው ሰፈር ነው። ድሮም እንዲሁ ነን፤ ዛሬም እንዲሁ ነን። ብቻውን የሚበላ የለ፣ ብቻውን የሚጠጣ የለ። ያለችንን ፍሬ እንኳ ለሁለት ሰብረን ተካፍለን ነው የምንውጣት!»

የሕግ አማካሪው ጣት ሰሌዳው ላይ እንደተቀሰረ ቀረ።

«ፍሬ ሲሉ አባቴ?» አለ በጣም በትሕትና።

«ፍሬ ነዋ። የመድኃኒት ፍሬ። የጥንቷን።» መሪጌታ ናትናኤል የጋሽ ሮቤልን እጅጌ ሳብ አደረጉ፤ ጋሽ ሮቤል ግን ማድነቃቸው መሰላቸው። «ሲፕሮን! ሰው ቢያርፍ ከትራሱ ሥር ለተረፈችው ወራሽ ጎረቤቱ ነው።»

«ታማሚው ይመርስ? ከዚህች ተካፍሏል?»

ጋሽ ሮቤል ያን ጊዜ ገባቸው። ፊታቸው ላይ ሲገባቸው ታየ፤ ከግንባር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ታች። «ኧረ በፍጹም! ይመር? ይመርማ እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ እኔ የራሴን…»

አቆሙ። ሼህ ሙባረክ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የሕግ አማካሪው ምልክት አደረገ። «በልማድ የተነካካ ሰፈር። ዘሩ ለስድስት ሳምንት ክትትል ይደረግበታል፤ ጨዋነቱን እንደጠበቀ ከተረጋገጠ ቤተሰቡ እንደገና ሽማግሌ መላክ ይችላል።»

ዶክተር ሶልያና ፈገግታቸውን አጥፍተው የመዝጊያውን ቃል ተናገሩ፤ እሱም በደንቡ የተጻፈ ነው። «ልጃችን ገና ናት። ትማር።»

አመለወርቅ ከዓምዱ ኋላ ተነሣች።

«ባሌ ምንም አልዋጠም» አለች። «የእናንተው መብራት ናት ጨዋ ያለችው።»

«እህቴ፣ የታማሚው ወገን መናገር…»

«ከዚህ ስወጣ ግን ይውጣል። አንዲት ሲፕሮ አለችኝ።»

አመለወርቅ በሥራ ዘመኗ አንዲት ግራም አሳስታ መዝግባ አታውቅም። ውሸቷ ሳትመዘን ከአፏ ወጥታ ሳሎኑ መካከል ቆመች፤ አሁን የሚቀረው ደግፎ መያዝ ነው።

«አንዲት ፍሬ አታድነውም» አለ የሕግ አማካሪው። ድምፁ ከቅድሙ ቀጥኗል።

«አውቃለሁ። ፊልማችሁን አይቻለሁ። አንዲት ፍሬ አትገድለውም፤ ታስተምረዋለች። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ከሰዓት እሰጠዋለሁ፤ ቀስ ብሎ እንዲገባው። በሳምንቱ መብራታችሁን እዩት።»

«ብሔራዊ ሀብት ነው'ኮ!»

«ሀብታችሁ ያለው ባሌ ሆድ ውስጥ ነው። ባሌ ከሞተ አብሮት ይቀበራል፤ ካልሞተ ባለጌ አድርጌ አሳድገዋለሁ። ምረጡ።»

የሕግ አማካሪው ሰሌዳውን ይነካ ጀመር፤ ገጽ እየገለበጠ፣ ላቡ በግንባሩ ላይ። ዶክተር ሶልያና ወደ አመለወርቅ ትክ ብለው አዩ። አሁን የልጅቱ እናት አልነበሩም፤ ብዙ ዓመት አንድ መድኃኒት በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲጠብቁ የኖሩ አሮጊት ሐኪም ነበሩ።

«አስቸኳይ አንቀጽ ያለን ይመስለኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«ለታማሚ አስቸኳይ አንቀጽ የለንም፣ ዶክተር።»

«ለታማሚ አላልኩም።»

የሕግ አማካሪው አገኘው። «አለ። ለተህዋሲ አለ። ጨዋ ዘር የመባለግ አደጋ በተደቀነበት ጊዜ፣ ናሙናው ተጠብቆ፣ የቀረው ሳይውል ሳያድር በሙሽሪት አማካይነት በክብር ይጠፋል።» ቀና አለ። ያነበበው ለራሱም የገረመው ይመስላል። «ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም።»

«ዛሬ እንጠቀምበት» አሉ ዶክተር ሶልያና።

«አደጋው ግን መረጋገጥ አለበት። ፍሬዋ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትቅረብ። አሁን።»

አመለወርቅ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ኪሷ ውስጥ ያለው የሚዛን ማተሚያ እርሳስና ቁልፏ ነው። እጇን ኪሷ ውስጥ እንዳለ ተወችው፤ ማውጣት ማለት ማለቅ ነው። ቁልፉን ጨበጠች። ይመር አሁን ተኝቶ ጣሪያ እያየ ይሆናል።

«ወይዘሮ?» አለ የሕግ አማካሪው።

«መቀስ አለ?» አሉ ጋሽ ሮቤል።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ። ጋሽ ሮቤል የአንገት ልብሳቸውን ገልጠው ክታቡን አውጥተው ነበር። ቆዳው ከላብ ብዛት ጠቁሯል። መቀስ ሲሰጣቸው ወዲያው አልቆረጡም፤ ክታቡን በመዳፋቸው ይዘው አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አገላበጡት። ሼህ ሙባረክ ሊያግዟቸው እጅ ቢዘረጉ፣ «ተወኝ» አሏቸው። ከዚያ ስፌቱን ቀደዱት። በላስቲክ የተጠቀለለች፣ ጠርዟ የተሸራረፈ ቢጫማ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

«የእሷ ናት» አሉ ወደ ማንም ሳያዩ። «እኔ ዘንድ አደራ አስቀምጣ ነው።»

የሕግ አማካሪው ፍሬዋን በመቆንጠጫ አነሣት፤ ፈንጂ የሚያነሣ ይመስል ነበር።

በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ሁለት የባለሥልጣኑ ሠራተኞች ሙሽሪትን አጅበው መጡ። ሙሽሪት ያለ ሚዜ አትሄድም። አንዱ ማቀዝቀዣውን ተሸክሟል፣ አንዱ ጥላ ይዞለታል። በመጀመሪያ ከይመር ላይ ናሙና ቀዱና በበረዶ ውስጥ አሸጉት፤ ሲያሽጉት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ይመርን እንዴት ነህ ያለው የለም። ከዚያ መርፌዋን ወጉት።

«ይሄ ሁሉ አጀብ ለእኔ ነው?» አለ ይመር በደከመ ድምፅ።

«አይደለም» አለው ጥላ የያዘው፤ ሊዋሽ አልፈለገም።

ሚዜዎቹ በየቀኑ ይመላለሱ ጀመር። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ አንድ እርከን ወረደ፤ በማግሥቱ ሌላ። ሳምንቱ ሳያልቅ ይመር አጥሚት ጠጥቶ ጨው አንሶታል ብሎ አማረረ፤ አመለወርቅም ወደ ጓዳ ገብታ ጨው ፍለጋ ላይ ሳለች አለቀሰች። ወዲያው መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፤ መልእክትም መጣ፦ «በቤታችሁ የነበረው ጨዋ ታይፎይድ በክብር አርፏል። ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን።»

ይመር መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «መልስ እንጻፍላቸው» አለ። «እግዜር ያጥናችሁ ካላችሁን፣ ድንኳንም ላኩ።»

አመለወርቅ ሥራ በገባች በጥቂት ቀን ዶክተር ሶልያና ገበያ ድረስ መጡ። ያለ ነጠላ፣ ያለ ማኅተም። እሷ የአንድ ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን እያመሳከረች ነበር፤ ሴትዮዋ መመዘኛዎቹ ወርደው እስኪያልቁ ጠበቁ።

«ባለቤትሽ?»

«ይበላል። ያማርራል። ደህና ነው።»

«ደስ ይላል።» ዶክተር ሶልያና ወደ ሽንኩርቱ አዩ። «ያቺን ፍሬ መረመርናት።»

አመለወርቅ መመዘኛዎቹን ወደ ሳጥናቸው መመለስ ጀመረች።

«ዱቄት ናት። ስታርችና ቢጫ ቀለም። ያን ዘመን አስመስለው የሚሠሩ ብዙዎች ነበሩ። ባለቤትሽን መቶ ብታስውጪው ታይፎይዱ ምንም አይማርም ነበር፤ ይወፍር እንደሆነ እንጂ።»

«እና ምን ልታደርጉን ነው?»

«ማን? እኛ?» ሴትዮዋ ሳቁ፤ ሳቃቸው እንደ ሳል ነበር። «ባለሥልጣኑ በዱቄት ተሸነፈ ብሎ የሚፈርም ሰው የለንም። መዝገቡ ላይ «ከፍተኛ አደጋ ተወግዷል» ተብሏል። እኔ የመጣሁት ሽማግሌው እንዲያውቁት ነው። ያቺን አንገታቸው ላይ ይዘው የኖሩት ለራሳቸው ክፉ ቀን ይመስለኛል። እንዳሻሽ አድርጊ።»

አመለወርቅ ቀኑን ሙሉ በዚህ ነገር ሚዛን ላይ ዋለች። ጋሽ ሮቤል ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል። ሽምግልና ሲጠሩ «ደክሞኛል» ይላሉ። በሳሉ ቁጥር እጃቸው ወደ አንገታቸው ይሄዳል፤ እዚያ የሚያገኘው የለም። ዱቄት ነበረች ብትላቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያለ ምንም ጋሻ ሲሄዱ እንደኖሩ መንገሯ ነው። የከፈሉትም መሥዋዕት የዱቄት ይሆናል። እውነተኛ ነበረች ብትላቸው ግን ቢያንስ የሰጡት ትልቅ ነገር ይሆናል። አመለወርቅ እውነትን በግራም የምታውቅ ሴት ናት፤ እንዲህ ዓይነቱን ግን መዝና አታውቅም። በመጨረሻ ሐዘናቸው ቀለል እንዲላቸው ለመዋሸት ወሰነች።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከሥራ እንደወጣች ወደ እሳቸው ገባች። በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ዶክተሯ መጥተው ነበር። ፍሬዋን መርምረዋታል።»

«እህ?» አሉ፤ ቀና አሉ።

«እውነተኛ ሲፕሮ ናት። ያውም ንጹሕ። እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም አሉ።»

የጋሽ ሮቤል ፊት ይበራል ብላ ስትጠብቅ አመድ መሰለ።

«እውነተኛ?»

«እውነተኛ። ይመርን ያዳኑት እርስዎ ነዎት።»

«አንቺ ልጅ ምን ትያለሽ! እኔ'ኮ ዱቄት ናት ብዬ ነው የሰጠሁ!»

«ምን?» አለች አመለወርቅ።

«ከዚያው ፓኮ እህቴ ሁለቱን ውጣ ምንም አልጠቀማት። ዱቄት ናት አልኩ። ለይመርም ልስጥህ ያልኩት ለማጽናኛ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አንገትዎ ላይ ያን ያህል ዓመት…»

«ክታብ ባዶውን አይታሰርም!» ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ድምፄ የጠፋው'ኮ የመንግሥትን ሹም በዱቄት አታለልኩ፣ መጥተው ይወስዱኛል ብዬ በመፍራት ነው። ለካ እውነተኛዋን… በገዛ እጄ! በመቀስ! ወይኔ ሮቤል! ለክፉ ቀኔ፣ ሳንባዬ እንዲህ ሆኖ…» ሳል ያዛቸው፤ ሲስሉት የኖሩት ሳል፣ አሁን ግን ሌላ ሰው የሳለው ይመስል በድንጋጤ አዳመጡት።

አመለወርቅ ከጎናቸው ተንበረከከች። «ጋሼ፣ ስሙኝ፣ ዋሽቼ ነው። ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው። ዱቄት ናት። ስታርችና ቢጫ ቀለም አሉኝ፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ጋሽ ሮቤል ዓይናቸውን ጠረጉና በርኅራኄ አዩዋት።

«ተይ ልጄ» አሉ። «አታባብዪኝ። ስትዋሺ ፊትሽ ያስታውቃል።»